አንዲት ም

ጅማ፣ ጊንጆ
የካቲት 1959 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ፈለቀ፣

እግርህ እንዴት ዋለ? እኔን ደኅና ነሽ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ደብዳቤህ አብግኖኛል።

“የቡድኔ ልጆች ያለ እኔ ሦስቱንም ጨዋታ ካሸነፉ ምን በረኛ ያስፈልጋቸዋል? ሐኪሙ ሲለቀኝ እዚሁ አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ መጋዘን እገባለሁ፤ ዕቃችንን ሸጠሽ ነይ” አልከኝ። መንዝ ያለችው እናቴ ብትሰማ እልል ትላለች፤ ከጅማ ይልቅ አዲስ አበባ ይቀርባታል። እኔ ግን አልጋውንም ሣጥኑንም አልሸጥም። አንብቤው ሳበቃ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እንግዲህ ስማኝ። ሦስቱንም አላሸነፉም። በሦስቱም ተረትተዋል።

አልዋሸሁህም፤ የዋሸኝ ጆሮዬ ነው። እሑድ እሑድ ሰው ከሜዳ ሲመለስ በአጥራችን ሥር ያልፍ የለ? እዚያ ቆሜ ውጤት አዳምጥልሃለሁ። ከአጋሮ ጋር የተጫወቱ ዕለት “ሞአኔ” ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። እሱን የአገሬውን ቃል ያስተማርከኝ አንተው ነህ፤ ስታሸንፉ በሩን በርግደህ “ሞአኔ! አሸነፍን!” እያልክ ስትገባ። ሮጬ ገብቼ ጻፍኩልህ። የሊሙንም የሰቃንም እንዲሁ። ፊታቸውንማ አይቻለሁ፤ ግን የጅማ ሰው ሲሸነፍም እየተሳሳቀ ነው የሚመለሰው፣ በምን ልለየው?

ትናንት ከሊልና ሚስቱ ሐጂራ ሊጠይቁኝ መጡ። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ከሊል፣ ያ ሳቂታ ተከላካያችሁ፣ ክው አለ።

“የቱን ነው ያሸነፍነው?” አለኝ።

“ሦስቱንም ነዋ! ‘ሞአኔ’ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ!”

ሐጂራ ጭኗን መታች። “አኒ ባዴ! ጠፋሁ እኔ! ‘ሞአምኔ’ እኮ ነው ያሉት እህቴ። ተሸነፍን ማለት ነው!”

ከሊል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ “ወላሂ ጻፊለት። ያንተ ምትክ ኳሷን አይይዛትም፣ ቆሞ ያሳልፋታል በይው። አጋሮ አምስት ነው ያገባብን። የጠቅላይ ግዛቱ ዋንጫ ሲመጣ ደግሞ እንዴት ልንሆን ነው?” አለኝ።

አየህ፣ አንዲት ም አምልጣኝ ባሌን ላጣ ነበር። በአማርኛችንም እኮ ረታንና ተረታንን የምትለያቸው አንዲት ተ ናት፤ እሷን ስሰማ ያደግኩ ስለሆንኩ ነው የማልሳሳተው። አገሩን ወደድኩት እያልኩ ቋንቋውን አጥር ሥር ቆሜ ለመልቀም መሞከሬ ነው ጥፋቱ። ከዛሬ ጀምሮ ሐጂራ ልታስተምረኝ ነው፤ እሷም እስካሁን እየሳቀችብኝ ነው።

ፈለቀ፣ የደበቅኸኝንም አውቄብሃለሁ። ከማሸነፋቸው ይልቅ ያስፈራህ የተጎዳው ጉልበትህ ነው። እንደ ድሮው ባልዘልስ፣ ሰው ባየኝ ጊዜ ምን ይለኛል እያልክ ነው። ለከሊል ነገርኩት፤ “ባይዘልስ? ከጎሉ ኋላ ቆሞ ይጩህብን፤ እሱ ሲቆጣ እኛም እንሮጣለን” አለ። እኔ ደግሞ የምልህ ይህን ነው፤ ቢያሸንፉም ና፣ ቢሸነፉም ና። እያነከስክም ቢሆን ና። እኔ በረኛ አይደለም የማጣው። ማታ ማታ ራት ሲቀርብ ነው ያላንተ የምሸነፈው።

የመጀመሪያውን ትምህርቴን ዛሬ ጠዋት ተማርኩ። ሐጂራ በማሸነፍና በመሸነፍ ልትጀምር ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ፣ ሌላ ቃል ለመንኳት። “ዱፌ” አለችኝ፤ መጣ ማለት ነው። አውቶቡሱ በሚገባበት ቀን አጥሩ ሥር እቆማለሁ። ይህቺ ቃል ከማንም አፍ ብትወጣ አልስታትም።

ሰሚ ጆሮ ያበጀችው ሚስትህ፣
ወይንሸት