ያምሮት ጆሮዋን ስትይዝ

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ፍኖተ ሰላም ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንት። ዛሬ ቢሮ ተሰጠኝ። ቢሮ... የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ የመረብ ኳስ መረብ፣ አየር የሌላቸው አራት ኳሶች። በሩ ላይ በጠመኔ «የምክር አገልግሎት» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ምሳ ድረስ ሰባት ተማሪዎች መጡ። ሰባቱም ኳስ ነበር የፈለጉት።

የእረፍት ደወል አራት ሰዓት ከሩብ ነው ይላል ፕሮግራሙ። ዛሬ አራት ከሃያ ሁለት ላይ ተደወለ። ለምን ጻፍኩት? እንጃ።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

አራት ከስምንት።

ሻይ ክበቡ ውስጥ መምህራኑ ሁሉ በአንዴ ያወራሉ። ማንኪያ፣ ብርጭቆ፣ ሬዲዮ... ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከትቼ ገባሁ። የአራተኛ «ለ» ክፍል ኃላፊዋ መምህርት ባንቺአየሁ አየችው። ምን ሆነህ ነው አለች። ብርድ አልኳት። ስንት ዓመቴ ብርድ ነው ስል? ባሕር ዳር ስማርም ብርድ ነበር። ባሕር ዳር!

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ኳስ ያልፈለገች የመጀመሪያዋ ተማሪ። ያምሮት ትባላለች፣ ዐሥር ዓመቷ፣ አራተኛ «ለ»። ርእሰ መምህሩ አቶ ገነነ ራሳቸው ይዘዋት መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደወሉ ግቢው መሀል ዋንዛው ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የእረፍቱ ደወል በተመታ ቁጥር ያምሮት ከክፍል ወጥታ ትሮጣለች፤ በግቢው በር አድርጋ ወደ አስፋልቱ። ያለፈው ሐሙስ አንድ አይሱዙ ለጥቂት ነው የሳታት። አቶ ገነነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ደወሉን ካልለመደች መልቀቂያዋን ለእናቷ እሰጣለሁ። ልጅ መቅበር አልችልም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ያምሮት አላናገረችኝም። የመረቡን ቀዳዳዎች ቆጠረች። እኔም ቆጠርኩ። በአንድ ተለያየን። ደገምነው። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

እናቷ እልፍነሽ ከዳቦ ቤት ሥራዋ ላይ ተነሥታ መጣች። ክንዷ ዱቄት። ልጅቱ መልቀቂያ ከተሰጣት ገጠር፣ ገበዝ ማርያም፣ አባቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ እዚያ ከሄደች ደብተር አበቃ። ጸበል ሁለት ጊዜ ወስዳታለች። ቄሱ ትንሽ አይተዋት፣ ይህች ልጅ ምንም አልሆነችም፣ አትጩኹባት ብለው መለሷቸው።

ቄሱ የት ተማሩ? እኔ አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ ማለት አልቻልኩም።

«ይሻላት ይሆን፣ መምህር?» አለችኝ። የምክር ማኑዋል አለ አልኳት። ይኼ መልስ ነው?

ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ማኑዋሉ፦ የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ ማስለመድ፤ ሲችሉ መሸለም።

ከረሜላ ገዛሁ። ያምሮትን እጇን ይዤ ዋንዛው አጠገብ አቆምኳት። ደዋዩ የግቢው ዘበኛ ጋሼ ክንዱ ናቸው። ብረቱን አነሡ... ቆይ፣ ሻዬን ልጨርስ ብለው አስቀመጡት። እኔና እሷ ቆመን ጠበቅን። ጆሮዋን ይዛ «አልፏል፣ አልፏል» ትላለች። ባንቺአየሁ ነግራኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥም እንዲህ ትላለች። አንዳንዱ መምህር የሆነ መንፈስ ነው የሚያናግራት ይላል። እጇ ደከመና አወረደችው። ያኔ መቱት፤ አራት ከሃያ።

ከእጄ መቼ እንደወጣች አላየሁም። አንድ እግር ጫማዋ ቀረ። አስፋልቱ ዳር ደረስኩባት፤ በቀሚሷ ያዝኳት። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሁለታችንም ጆሯችንን ያዝን።

ከረሜላው መዳፌ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል። እስካሁን እጄ ይጣፍጣል። ማኑዋሉን ከኳሶቹ ሥር ከተትኩት።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ቡሬ፣ እናቴ ቤት። የያምሮትን ነገር ነገርኳት። ሳቀች። አንተስ አለች። እንግዳ ከተባለበት ሰዓት ቀድሞ ከመጣ አልጋ ሥር ትገባ አልነበር? አንዴ የክርስትና አባትህ በጠዋት መጥተው፣ እስኪሄዱ አልወጣም ብለህ እዚያው እንቅልፍ ወሰደህ።

ታዲያ በምን ዳንኩ አልኳት።

«ማን ዳንክ አለህ? እኛ ነን የለመድንህ።»

ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ማንኩሳ ድረስ ይህን አሰብኩ። ጥጡ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ተማሪ ከወጣ በኋላ አራተኛ «ለ» ገባሁ። የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባም። በመስኮቱ በግራ በኩል ዋንዛው ይታያል። በቀኝ በኩል... የአቶ ገነነ ቢሮ መስኮት፣ ውስጡ ግድግዳው ላይ ትልቁ ሰዓት።

ከወንበሯ ሰዓቱ ይነበባል።

አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጆሮዋን ትይዛለች። ደወሉ አይመጣም። «አልፏል» ትላለች። አልፏል እኮ! እጇ ይደክማል፣ ታወርደዋለች፤ ያኔ በባዶ ጆሮዋ ላይ ይወርድባታል። ማን የማይሮጠው?

ደብተሬን ገለጥኩ። አራት ከሃያ ሁለት። አራት ከስምንት። አራት ከሃያ። እኔና ያምሮት አንድ ነገር ስንመዘግብ ከርመናል።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ጋሼ ክንዱን በሰዓቱ ይደውሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ተቆጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ደውዬ ያስቀረሁት እረፍት አለ ወይ አሉ። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው መለሱልኝ። ከዚያ ዙሪያውን አዩና ጠጋ አሉ።

«ለሰው አታውራ። መሠረተ ትምህርት ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። ፊደሉ ገባኝ። የሰዓቱ ትልቁና ትንሹ ግን ይምታቱብኛል። ሻይ ግን አይምታታብኝም።»

እኔም ለሰው የማላወራው አለኝ አልኳቸው። ጥጡን አሳየኋቸው። ዳሰሱት። ለብርድ ነው አሉ። አይደለም አልኩ።

የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው «አይደለም» ስል።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ሐሳቡ የያምሮት ነው። በመረቡ ቀዳዳ እያየችኝ ነገረችኝ። እሷ ሰዓቱን ታያለች። ጋሼ ክንዱ እሷን ያያሉ። ጆሮዋን ስትይዝ ይመቱታል።

ይኸው ነው። ማኑዋል የለውም።

ዛሬ አራት ሰዓት ከሩብ። ልክ። ከሰከንዱ ጋር። ያምሮት ጆሮዋን እንደያዘች ተቀምጣ ቆየች፣ ድምፁ እስኪያልቅ። ከዚያ እጇን አወረደች። ዳቦዋን አወጣች። ባንቺአየሁ በበሩ በኩል አየችኝና ምን አደረግህላት በሚል ዓይን ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ ምንም አላደረግሁም።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

በእኔ ላይ አቤቱታ ተነሥቷል። የሻይ ክበቡ ሰው እረፍቱ በሰዓቱ ስለሚያልቅ ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል ብሏል። የስፖርት መምህሩ ድሮ ዐሥራ አምስት ደቂቃው ሃያ አምስት ነበር ይላል። በመምህራኑ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሆንኩ። ውሳኔ፦ ሻዩ ቀደም ብሎ ይፈላ።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ጉድ።

አራት ተኩል ሆነ፣ ደወል የለም። አምስት ሰዓት ሆነ። ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን ያወጣሉ። መምህራኑ ትምህርት አልቆባቸው ያለፈውን ይደግማሉ። ጋሼ ክንዱ ብረቱን ይዘው ዋንዛው ሥር፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ። አቶ ገነነ ወጥተው ምን ነካዎት ሲሏቸው፣ ገና አልታዘዝኩም አሉ።

እኔ እየሮጥኩ ነበር፣ ወደ ግቢው በር። ዛሬ መልቀቂያዋን ነው የምትወስደው፣ ዛሬ አለቀ...

በሩ ላይ የለችም። ክፍልም የለችም። ቢሮዬ ገባሁ። ኳሶቹ መሀል ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ ሰዓቱ ቆሟል። ለርስዎ ልንገር ብዬ መጣሁ።»

ሮጣ ነው የመጣችው። ግን ወደ እኔ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

አቶ ገነነ ለሰዓታቸው ሁለት ድንጋይ ገዙ። አንዱን መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት፣ ለመጠባበቂያ። የመልቀቂያውን ወረቀት ተሞልቶ አየሁት፤ ማኅተም ብቻ ነበር የቀረው። አጣጥፈው የሚወዛወዘውን የጠረጴዛቸውን እግር ደገፉበት።

ለእልፍነሽ ነገርኳት። አሁንም ክንዷ ዱቄት ነበር። ተሽሏታል ማለት ነው ወይ አለች። እሷ ያው ናት አልኳት፤ እኛ ነን የተሻለን። ትኩስ ዳቦ አስያዘችኝ።

ጥር 24፣ ዓርብ

የሴሚስተሩ መዝጊያ። ወላጆች በአግዳሚ፣ ልጆች በሰልፍ፣ እኔ ከመምህራን ጋር ፊት ለፊት፣ ኮት ለብሼ። ሞንታርቦ ከወረዳ ተውሰዋል። አቶ ገነነ «የተከበራችሁ ወላጆች» ሲሉ ሞንታርቦው ጮኸ። እንደ ጩቤ።

ያምሮት በሰልፉ ውስጥ ጆሮዋን ያዘች። አየችኝ። ኪሴ ውስጥ ጥጥ ፈለግሁ... የለም። ካመጣሁት ስንት ቀኔ? እንዲያውም ረስቼዋለሁ። ወላጅ፣ መምህር፣ የወረዳ ሰው እያየኝ ሁለቱን ጆሮዎቼን በሁለት እጄ ያዝኩ። ባንቺአየሁ ብርድ ነው እንዴ አለች። አይደለም አልኳት፣ ድምፁ ያመኛል። እሺ አለች። እሺ ብቻ። ሄዳ ሞንታርቦውን ዝቅ አስደረገች።

ግን ዘገየች። ጋሼ ክንዱ ከዋንዛው ሥር አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ጆሮውን ይዞ አይተዋል። ብረቱን አነሡ። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ መትተውት አያውቁም። ስድስት መቶ ልጅ ሰልፉን ጥሶ በግቢው ተበተነ፣ አቶ ገነነ «ውድ ተማሪዎቻችን» እንዳሉ ማንም የቀረ የለም።

ያምሮት ሰዓቱን በመስኮቱ አየች። እየሳቀች ወደ እኔ መጣች። ጆሮዋን ገና አልለቀቀችም።

«ቲቸር፣ ገና ነበር እኮ።»

ገና ነበር አልኳት። እኔም አልለቀቅሁም።