ከእርስዎ መስመር በታች

ውድ ባይ ዴልቾ፣

ይህ ኢሜይል ከደረሰዎት ወንበርዎን ጠበቅ አድርገው ይያዙ! ካልደረሰዎት ደግሞ የምጽፈው ለራሴ ነው፤ እሱንም ለምጄዋለሁ። ለካ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ስጽፍልዎ የነበረው ሁሉ ለራሴ ኖሯል! እየተቻኮልኩ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ ይለፉኝ። ማሊን የራሱን ሥራ ጥሎ ከጠረጴዛዬ ኋላ ቆሞ «ጨርሺ እንጂ» እያለ ያጣድፈኛል። አሁን መላክ እንደማይቻል እሱም ያውቃል፣ ግን አላስችል ብሎታል።

በመጋቢት የጻፍኩልዎ ደርሶዎታል? አልደረሰዎትም። ይህን ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው።

በዚያ ኢሜይል ለኪሪልና ለእኔ ኩም እንዲሆኑን ነበር የለመንኩዎት። በሠርጋችን ቀን ከኋላችን ቆመው ዘውዱን እንዲያደርጉልን፣ ነገ ልጅ ስንወልድም ክርስትና እንዲያነሱልን። ኪሪል «ኩም የሚጠየቀው በአካል ተሂዶ ነው፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ዳቦና ወይን ተይዞ» ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ጉልበትዎን ገና መታከምዎ ስለነበር፣ ድንገት በርዎ ላይ ብንደርስ ላስተናግድ ብለው ሲነሱ ይጎዳሉ ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ልጻፍላቸው፣ እሺ ካሉ ዶሮውን ይዘን እንሄዳለን አልኩ። ስልክማ ያው ያውቁታል፤ እኔ ስጮህ፣ እርስዎ ሲጮሁ፣ እርስዎ ባሉባት ባልቺክ የሚኖር ሰው ሁሉ ወሬያችንን ይሰማል፣ እርስዎ ብቻ አይሰሙም።

ጻፍኩ። ጠበቅሁ። በፋሲካ ማግስት ከእርስዎ እንዲህ የሚል መጣልኝ፦ «ክርስቶስ ተነሥቷል። ጉልበቴ ደህና ነው። እዚያ ሰው አለ ወይ?» በቃ። ስለጠየቅኩዎ ነገር አንዲት ቃል የለችበትም! ተቃጠልኩ። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ከጎኔ ይቁሙ ብዬ ስለምን ስለ ጉልበታቸው ያወሩኛል አልኩ። ወዲያው «አዎ፣ ሰው አለ፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው» ብዬ መለስኩልዎ። እሱም እንዳልደረሰዎት አሁን ገብቶኛል። ከዚያ እርስዎም ዝም፣ እኔም ዝም። አልቅሻለሁ ባይ ዴልቾ። ይህን የከተማውን ኢሜይል የማስተዳደር ሥራ ያስተማሩኝ፣ አባቴ ሲሞት እንደ ልጅዎ የያዙኝ ሰው ኩም ሊሆኑኝ አልፈለጉም ብዬ ስንት ቀን ትራሴን እንዳረጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ ኪሪል «የአክስቴን ልጅ እንጠይቅ፣ መቼም ሠርግ ያለ ኩም አይሆንም» አለኝ። እሺ አልኩት፣ ምን ላድርግ? እሑድ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘናል። ዶሮው ሳይቀር ተገዝቷል። አንዴ ከጠየቅነው ደግሞ መመለስ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ኩም ተብሎ የተጠየቀን ሰው «ተወው፣ ሌላ አገኘን» የሚል ሰው በከተማችን በትርያቭና ቀና ብሎ አይሄድም።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ የቢሯችን በር ተበርግዶ ተከፈተና ሌሊያ ጾንካ ገቡ። ያውቋቸው የለ፣ በር ጠራቢዋ! የእንጨት ብናኙ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ነው የመጡት።

«ኢሜይሌን የት ነው የምታስገቡት እናንተ ልጆች? ምድጃ ውስጥ?»

«ምን ሆኑ ሌሊያ ጾንካ?» አልኳቸው።

«ለቫርናው ቄስ የበሩን ሥዕል ብልክ ተመለሰብኝ። ደግሜ ላክሁ፣ ተመለሰብኝ! በዚህ ዕድሜዬ አጭበርባሪ ነሽ ተባልኩ! እስቲ አንብቢው፣ እኔ እንደሆን መነጽሬን ረስቼዋለሁ።» ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት።

አነበብኩት። «ላኪው በዚህ ዶሜይን ስም ለመላክ ፈቃድ የለውም» ይላል። ፈቃድ የምትለዋን ቃል ሳይ እርስዎ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አዲስ ሠራተኛ ሳለሁ «ዶሜይን ማለት ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። «መዝገቡ ላይ የምትጽፊያት መስመር ደግሞ በሩ ላይ የተለጠፈች ማስታወቂያ ናት። ከዚህ ቤት መልእክት ይዞ የሚወጣው ይህ ሰርቨር ነው፣ ሌላ ከመጣባችሁ አትመኑት፣ ነው የምትለው።» የከተማው ጠራቢ ሁሉ የሚጽፈው በእኛ ዶሜይን ስም ስለሆነ፣ ያቺ መስመር ከተበላሸች የሁሉም ነገር ይበላሻል።

መዝገቡን ከፈትኩት። ከላይ የእርስዎ መስመር አለች፣ ድሮ እንደጻፏት፣ አሮጌውን ሰርቨራችንን እየጠራች። ከሥሯ ደግሞ ሌላ መስመር! አዲሱን ሰርቨር ትጠራለች። ሁለት ማስታወቂያ በአንድ በር! ዶሜይን እንዲህ ያለ መስመር ሁለት ከሆነበት ተቀባዩ የቱን ልመን ብሎ አይጨነቅም፣ ሁለቱንም እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

«ማሊን!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። አዲሱን ሰርቨር ያስገባን ጊዜ። ምነው?»

«የባይ ዴልቾ መስመር ላይ አትጨምረውም ነበር? ለምን ሌላ ትጽፋለህ?»

ማሊን በጣቱ ወደ በሩ ጠቆመኝ።

በራችን ላይ ያለውን መቼም አልረሱትም። የእርስዎ ስም ያለባት የናስ ሰሌዳ ከላይ፣ የማሊን ከሥሯ፣ የእኔ ከሁሉም በታች። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የእርስዎን የነካት የለም። ማን ይነካታል? ትርያቭና ውስጥ ሙያውን ያስተማረውን ሰው ስም ከበር የነቀለ የለም፤ አዲስ የመጣ ከሥር ይቸነክራል።

«የሳቸውን ጽሑፍ ልነካካ?» አለኝ ማሊን፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ነውር አይደለም እንዴ? ከሥራቸው ጻፍኩ። እንደ በሩ።»

«ይሄ እኮ በር አይደለም አንተ ሰው!»

«አሁንማ አወቅኩ!»

ሌሊያ ጾንካ ወገባቸውን ይዘው አዩትና «አስተዳደግህ ጥሩ ነው ልጄ» አሉት። «ግን በዚህ ጥሩ አስተዳደግህ የኔ በር ሳይሸጥ ሊቀር ነው።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም፣ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። አዲሱ ሰርቨር የገባው መቼ ነው? በመጋቢት መጀመሪያ! እኔ ለእርስዎ ከመጻፌ በፊት! አንዳንዱ ተቀባይ ለዘብ ያለ ስለሆነ ዝም ብሎ ያስገባል፣ አንዳንዱ እንደ ቄሱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ሳያሰማ ያጠፋል። ድምፁን ሳያሰማ የሚያጠፋው ማን ነው? ጡረታ ሲወጡ፣ በሽኝትዎ ቀን፣ የራኪያ አረቄዎን ይዘው ቆመው «የፈቃዱን ፍተሻ ያላለፈ ኢሜይል አይፈለጌ መልእክት ውስጥ እንኳ አይገባብኝም፣ ዓይኔ ሳያየው እንዲጠፋ አድርጌዋለሁ» ብለው የፎከሩት ማን ነበር? ይቅርታ ያድርጉልኝና ባይ ዴልቾ፣ ኢሜይሌን የበላው የእርስዎ የራስዎ ጥንቃቄ ነው! «እዚያ ሰው አለ ወይ?» ያሉትም ቀልድ አልነበረም። እርስዎም እንደኔ ተረሳሁ ብለው ከርመዋል ማለት ነው። ይሄን ሳስበው ባህር ዳር ብቻዎን ተቀምጠው ታዩኝና ልቤ እንዴት እንደተንሰፈሰፈ ልነግርዎ አልችልም። ወንበሬን ገፍትሬ ተነሳሁና «አልተቀየሙኝም! አልተቀየሙኝም!» እያልኩ ስጮህ ሌሊያ ጾንካ ያበድኩ መስሏቸው አማተቡ።

ማሊን ደንግጦ «የኔን ላጥፋው» አለ። አጥፍቶት ቢሆን አዲሱ ሰርቨር ያለ ፈቃድ ሊቀር ነበር። የእርስዎን ብናጠፋ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ የሚልከው አሮጌው ሰርቨር አለ፤ ዛሬም ይሠራል፣ እንደ ባለቤቱ አላረጅም ብሏል። «ማንንም አናጠፋም» አልኩት። «አንድ መስመር እናደርጋቸዋለን። የሳቸው ይቀድማል፣ የኛ ይከተላል።» ማሊን ራሱ ጻፈው። ከመጫኑ በፊት ጣቱን አንስቶ እኔን አየኝ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ተጫነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። አሮጌውን መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች እስኪረሱት ድረስ መላክ ዋጋ የለውም። እርስዎ ድሮ «አሁን ሻይ ጠጡ፣ ስክሪኑ ላይ በማፍጠጥ የፈጠነ ነገር የለም» ይሉን ነበር። ሌሊያ ጾንካ አልሄድም ብለው አይብ ያለበት ባኒጻ አስመጥተው ሲበሉ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ፍርፋሪው የኪቦርዱ ቁልፎች መሀል ገብቷል።

ቆይ ባይ ዴልቾ! ቆይ!

ይኸው አሁን፣ ይህንን እየጻፍኩ፣ ሌሊያ ጾንካ የበራቸውን ሥዕል እንደገና ላኩት። አልተመለሰም! ትንሽ ቆይቶ የቄሱ መልስ መጣ! «በሩን አየሁት፣ ደስ ብሎኛል፣ መቼ ይደርሳል?» ይላል። ማሊን ወደ ላይ ዘለለ። ሌሊያ ጾንካ ግንባሩን ሳሙትና ፀጉሩ በብናኝ ነጭ ሆነ። እኔ ደግሞ ኪሪል ጋ ደውዬ እስቃለሁ።

«ምን ተገኘ?» ይለኛል እሱ።

«አልደረሳቸውም ነበር! ባይ ዴልቾ አልደረሳቸውም ነበር!»

እሱም «ታዲያ ዶሮውን ወዴት ነው የምንወስደው?» አለኝ።

እሱን የሚመልሱልን እርስዎ ነዎት። እሑድ ጠዋት ዶሮውን፣ ዳቦውንና ሌሊያ ጾንካ የጠረቡትን የወይን ኮዳ ይዘን መኪና ውስጥ እንገባለን። ድልድዩን እንደተሻገርን በግራ በኩል ያለው መንገድ ወደ ኪሪል የአክስት ልጅ ይወስዳል፣ በቀኝ ያለው ወደ ባህሩ፣ ወደ እርስዎ። አንዲት ቃል ከጻፉልኝ ይበቃኛል። ከፍተን ለማንበብ ማሊንም እኔም ከዚህ ወንበር አንነሳም።

በእኛ ዘንድ ኩምን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ ብትሰማ ትገላምጠኛለች። ግን ያኛው ጥያቄዬ እርስዎ ዘንድ አልደረሰም፣ ካልደረሰ ደግሞ አልጠየቅኩዎትም። ስለዚህ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ባይ ዴልቾ፣ ኩም ይሆኑናል?

በሩ ላይ ስሟ ከስምዎ በታች ያለው፣
ዞርኒጻ