የማዳራካ ሃራምቤ

ሰኞ፣ ሜይ 26

ሰማንያ የተማሪ ኮሌታ ሰፋሁ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ሻዩ ውሃ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው።

ከምሳ በኋላ አለቃችን ሙቲሶ ወንበር ላይ ወጣ። ካልወጣ መናገር አይችልም ይሄ ሰውዬ። ማዳራካ፣ የኬንያ ራስን የማስተዳደር በዓል፣ እሁድ ስለሚውል የሚመጣው ሰኞ በሕግ በዓል ነው፤ የሠራ እጥፍ ይከፈለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ናኩሩ ከተማ ውስጥ የለም። እሱ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሰኞን ለፋብሪካችን ሃራምቤ እናድርጋት!»

ሃራምቤ! ለታመመ፣ ለሞተ፣ ለተማሪ የምናዋጣው መዋጮ... ሁለት መኪና ላለው የፋብሪካ ባለቤት? ደግሞ «ፋብሪካችን» ይላል፣ አያፍርም። የእኔ ድርሻ የቱ ነው? የተሰበረው መርፌ?

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ወረቀት ዞረ። «በፈቃዴ ያለ ክፍያ እሠራለሁ።» ከፈረምሽ አለቀ፣ መብቴ ማለት ቀረ። ያልፈረመ ደግሞ... ባለፈው ኦክቶበር በዓል ከጎኔ የሚሰፋው ዋንጃላ አልፈርምም አለ። በሳምንቱ «ሥራ ቀንሷል» ተብሎ ተሸኘ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ፈረምኩ። በእሱ እስክሪብቶ! ሳስበው ራሴን እንቃለሁ።

ጄሮቲችም ፈረመች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ ምን ታድርግ?

«ማማ ኬሩቦ፣ በዚያች ቀን ክፍያ የሕፃን ብርድ ልብስ ልገዛበት ነበር እኮ» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ አናደደኝ።

እኔስ? ዛሬም ፈረምኩ። ፈሪ። ግን ስፈርም አንድ ነገር መጣልኝ... ሃራምቤ ነው ካሉ፣ በወጉ ሃራምቤ ይሁና!

ሰኞ፣ ጁን 2

ሳልተኛ ልጻፈው።

የፋብሪካው ባለቤት፣ በአክብሮት ሙዜ የምንላቸው ሽማግሌው ንጆጉ፣ ለምሳ ሰዓት መጡ፤ የተማሪ ልብሱን ያዘዘውን ርዕሰ መምህር አስከትለው። ለእያንዳንዳችን አንድ ሶዳ። ለአንድ በዓል አንድ ሶዳ! ሙዜ በየመንደሩ ሃራምቤ የክብር እንግዳ ካልተባሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ማይክ ከያዙማ ማን ያስጥላቸዋል።

ወንበር አቀረብኩላቸው። ደብተሬን ገለጥኩ። «ሙዜ፣ ሃራምቤ የአዋጪ ስም ሳይጠራ አያምርም። ይፍቀዱልኝ።»

ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

«ጄሮቲች፣ የስምንት ሰዓት ሥራ፣ ከነሆዷ!» ጭብጨባ። «ኪፕሩቶ፣ ስምንት ሰዓት!» ጭብጨባ... ሠላሳ ሁለታችንንም ጠራሁ። ሙቲሶ ጥርሱን ነክሶ «ተቀመጪ፣ ማማ ኬሩቦ» ይለኛል።

«አቶ ሙቲሶ... ገና እያሰቡበት ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አሁን የክብር እንግዳችን!»

ሙዜ ተነሡ። ደረታቸውን ነፉ። ልማድ ክፉ ነው፣ በየሃራምቤው የሚሏትን አሏት። «የተሰበሰበውን ሁሉ እኔ እጥፍ አደርገዋለሁ!»

ከዚያ የገዛ አፋቸው ያወጣውን ሰሙት፤ የተሰበሰበው የቀን ሥራችን ነው፣ እጥፉ ደግሞ ሕጉ ያዘዘው ክፍያ! ፊታቸው ጠቆረ። ርዕሰ መምህሩ ግን ቆሞ እያጨበጨበ ነበር፣ በእሱ ፊት እንዴት ይመልሱት? ቃሏ እንደወጣች ቀረች።

ሰኞ፣ ጁን 30

ደመወዝ ወጣ። እጥፉ አለ። ከጎኑ የተጻፈው ግን... «የሙዜ ስጦታ»! ስጦታ! አይ ሰው!

የክፍያ ወረቀቱን ይዤ ሙቲሶ ቢሮ ገባሁ።

«የበዓል ክፍያ ብለው ይጻፉት።»

«ገንዘቡ ያው አይደል? ስሙ ምን ያደርግልሻል?»

«ስጦታ ከሆነ አመሰግናለሁ። የራሴ ከሆነ አላመሰግንም።»

ከውጭ እነጄሮቲች በር ላይ ተደርድረዋል፣ ወረቀታቸውን እንደያዙ። ሙቲሶ «ስጦታ»ን ሰርዞ «የበዓል ክፍያ» ብሎ ጻፈ። የሁላችንንም አንድ በአንድ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅሮ።

«ሌላስ?» አለኝ ሲጨርስ። ምስጋና መጠበቁ ነው።

«አለ እንጂ» አልኩና ተቀመጪ ሳልባል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ዋንጃላ።»