ጋሼ ቀማሽ

ውድ አባባ፣

“ውድ” ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ከልቤ እንዳይመስልዎት።

ባለፈው ማክሰኞ የቤትዎን ቁልፍ ለአዲሱ ተከራይ ላስረክብ ሄጄ ነበር። እርስዎ ወንድሜ ጋ ሲገቡ፣ እሱ ጊዜ የለኝም ስላለ ቤቱን ማጽዳት ለእኔ ደረሰኝ። ለሥራ ሲሆን ልጅ መሆኔ ይታወሳል። ተከራዩ ዘገየብኝና ውሃ ልገዛ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጠባብ ሱቅ ገባሁ።

ከሳሙናውና ከብስኩቱ ጀርባ አንድ ግድግዳ ሙሉ ቢራ ተደርድሯል። በየቦታው የምናየው ዓይነት አይደለም፤ ትንንሽ ጠማቂዎች በጥቂት በጥቂቱ የሚያወጡት ነው። አንዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ሌላው ጉም የመሰለ። በየጠርሙሱ ሥር በእጅ የተጻፈ ካርድ አለ። የጥቁሩ “ይህ ቸኩሎ አይጠጣም፤ አፉን የሚፈታው ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ ነው” ይላል።

ጽሕፈቱ የእርስዎ ነበር። የትምህርት ቤቴ ርዕሰ መምህር ሆነው በሪፖርት ካርዴ ላይ “ሰነፍ ናት” ብለው የጻፉበት እጅ እንዴት ይጠፋኛል?

“ማነው የጻፈው?” አልኳት ባለሱቋን።

“ጋሼ ቀማሽ ናቸዋ!” ፊቷ በራ። “እሳቸው ሳይቀምሱልኝ አዲስ ቢራ አላስመጣም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እዚች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሳቅ ሲገድሉን! ምን ያደርጋል፣ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?”

“አላውቃቸውም” አልኳት። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ሃያ ዓመቴ ነበር፣ አባባ። ጓደኛዬ ስትመረቅ አንድ ቢራ ጠጥቼ መጣሁ። አንድ። በር ላይ አፌን አሽትተው “ሰካራም ከእኔ ጣራ ሥር አያድርም” አሉ። እማዬ እግርዎ ላይ ወደቀች፤ እርስዎ ሻንጣዬን ወደ ደረጃው ገፉት። ለዘመድ አዝማዱም “መጠጥ አጠፋት” ብለው አወሩ። እማዬን ስንቀብር እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ማክሰኞ ድረስ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም ነበር።

ጥቁሩን ገዝቼ ባዶ ሳሎንዎ ወለል ላይ ተቀምጬ ጠጣሁት። መጀመሪያ መረረኝ። ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ። ጥሩ ቢራ ነው። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ጥሩና መጥፎውን ለይተው የሚያውቁ፣ ተረጋግተው የሚያጣጥሙ፣ ሰው የሚያስቁ ሰው ነበሩ ለካ! ያንን ሰው እኔ አንድም ቀን አላገኘሁትም። ባለሱቋ ግን በየሳምንቱ ታገኘው ነበር።

ሰው ይለወጣል ይሉኝ ይሆናል። ከተለወጡ ለምን አልጠሩኝም? ስልክ ቁጥሬ ወንድሜ ጋ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ ጠፋ?

ትናንት የወንድሜ ልጅ ደውላ ምን አለችኝ መሰልዎት? “አክስቴ፣ አያቴ አንቺን ‘ሰካራም ናት’ ይላሉ፣ እውነት ነው?” አሁንም አልተዉኝም ማለት ነው!

ስለዚህ እሁድ እመጣለሁ። ሁሉም ለምሳ ሲቀመጥ፣ ለምን እንዳባረሩኝና ቅዳሜ ቅዳሜ የት ይውሉ እንደነበር በገዛ አፍዎ ለልጅቷ ይንገሯት። ምግቡ ተነሥቶ እርስዎ ዝም ካሉ እኔ እነግራታለሁ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ አላሳጥርም።

ወደዱም ጠሉም፣
ልጅዎ