የተያዘ ቦታ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ። ይህችኛዋ ደብዳቤ እንኳ እንደ ቀደሙት መንገድ ላይ ሳትቀር በጤና ታግኝህ። እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ደህና ናት።

ሥራዬ ያው ከርነል ነው፤ ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ሚሞሪውን የሚያደላድለው ፕሮግራም። ገና ሲነሳ «ይሄ ነፃ ነው፣ ይሄ ተይዟል» የሚል ካርታ ይሰጠዋል። ካርታውን ያወጣው ሌላ ነው፤ የእሱ ፋንታ መቀበል ብቻ ነው። የተያዘውን አይነካም፤ ባለቤቱ አለ ወይ ብሎም አይጠይቅም።

ሰሞኑን አንድ ማሽን ላይ ሰፊ የሚሞሪ ቦታ ለአንድ መሣሪያ ተይዞ አገኘሁ። መሣሪያውን ብጠራው፣ ብጠራው፣ መልስ የለም።

አለቃዬ «በቃ፣ የለም ማለት ነው። ቦታውን ልቀቀው» አለኝ።

ለቀቅኩት። ማሽኑ ሲነሳ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ለካ መሣሪያው መልስ አይስጥ እንጂ እዚያው እየሠራ ኖሯል። ቦታውን መልሼ ያዝኩለት። አለቃዬ ተናደደ፤ እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ቤት ስገባ እማዬ የአልጋህን አንሶላ ትቀይራለች። ትንሿ እህታችን መሬት መተኛት ሰልችቷት «እስኪመጣ እዚያ ልተኛ» ብትላት፣ «ሲመጣስ የት ሊተኛ ነው?» አለቻት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ለእማዬ ያዝኩላት።

ሁሉም በያሉበት ሰላም ብለውሃል። ለመጻፍ ካልተመቸህ ባዶ ፖስታ ላክልን። አድራሻውን ብቻ በገዛ እጅህ ጻፈው።

ታናሽህ