ያልተነሳነው ፎቶ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ኮምፒዩተሩ ዛሬ ጨርሶ አልነሳ አለ። ቁልፉን ስጫነው እንደ ልማዱ ጮኸ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ደንግጬ ሶኬቱን ነቀልኩት። ባለቤቴ ተሰማ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ኮምፒዩተሩም ሊከተለው መሰለኝ።

ከላይ ፎቅ የምትኖረውን ጫልቱን ጠራኋት። ቢሮ ውስጥ ሥራዋ ኮምፒዩተር መጠገን ነው። ክዳኑን ከፍታ አየችና ሳቀች።

"እትዬ ሙሉ፣ ይሄን ለሙዚየም ይስጡት። አቧራው ራሱ ቅርስ ነው።"

"ፎቶዎቹስ?"

ተሰማ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ እዚሁ ልደታ ፎቶ ቤት ነበረው። የድሮው ሰፈር ሰው ጉርድ ፎቶ ሁሉ ያለው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰው ሲሞትባቸው ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ እስከ ዛሬ ቤቴ ይመጣሉ። እሱ ከጠፋ ምን እላቸዋለሁ?

"ዲስኩ ገና እስትንፋስ አለው" አለች ጫልቱ። "ግን ቶሎ እናውጣቸው።" ከተክለ ሃይማኖት ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝታ ልታመጣልኝ ተስማማን።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ጫልቱ ከጸሎቷ መልስ አዲሱን ታቅፋ መጣች። ለእኔ አዲስ ነው። የአሮጌውን ዲስክ ፈታ አውጥታ በገመድ ከአዲሱ ጋር አገናኘችው። ቀጭ ቀጭ ይላል። እየተሻገሩ ያሉትን ፎቶዎች እየከፈትን አየን።

"እትዬ፣ የልደታ ወንድ በሙሉ ያለው አንድ ኮት ነው እንዴ?"

የሱቁ ኮት ነው። ኮት ለሌለው ተሰማ ያውሰው ነበር፤ በኋላማ በኮምፒዩተሩ ማልበስ ጀመረ። አንዳንዱ ላይ አንገትጌው ከአንገቱ ይሰፋል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ያ ፎቶ መጣ።

እኔ ነኝ። አጠገቤ ዘነበች ተቀምጣለች። ትከሻችን ተነካክቷል።

ዘነበች ታናሽ እህቴ ናት። ካየኋት ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስለያት ልጅ ነበረች። ፎቶው ላይ ግን ትልቅ ሴት ናት፣ ግንባሯ ተሸብሽቧል። ይሄን ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። አጠገቧም ተቀምጬ አላውቅም።

"እህትዎ ናት? ቁርጥ እርስዎን!" አለች ጫልቱ። ደክሞኛል ብዬ ሸኘኋት።

እዚህ እንኳ ልጻፈው። የሰርጌ ዋዜማ ከአገር ቤት ጠፍቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ድግሱ ተደግሷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ አባቴ ቃል ሰጥቷል። እኔ ስታጣ ዘነበችን በእኔ ቦታ ለሙሽራው ሰጧት። ይሄን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ከአገር የመጣ ሰው ስለ እሷ ብጠይቀው "እህት የለኝም ትላለች" አለኝ። ብቻዬን ፊደል ቆጥሬ ማንበብና መጻፍ ከለመድኩ በኋላ እንኳ አንድ ደብዳቤ አልላክሁላትም። ምን ብዬ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

በዓል ስለሆነ ጫልቱ ሥራ አልገባችም። ስለ ዘነበች ነገርኳት። ለወትሮው ቀልደኛዋ ወንበሯን አስጠግታ ሰማችኝ። ከዚያ ፎቶውን አጉልታ አየችው።

"ይሄ ተገጣጥሞ ነው። ብርሃኑን ይዩት፤ በእርስዎ ፊት ላይ ከግራ ነው፣ በእሷ ላይ ከቀኝ።"

አሁን ለየሁት። የእኔው የመታወቂያ ጉርድ ነው። ተሰማ ቆርጦ ከእሷ ጋር ለጥፎኛል።

"የእሷን ከየት አመጣው?" አልኳት።

ጫልቱ ፎቶው ያለበትን ፎልደር ከፈተች። ስሙ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ያንን አላነብም። "ታናሽ ይላል" አለችኝ።

ውስጡ ዘነበች ብቻዋን ናት። ተሰማ ሱቅ ውስጥ፣ በርጩማው ላይ፣ ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት። አንዱ ላይ ወፍራለች። አንዱ ላይ ከስታለች። አንዱ ላይ የፊት ጥርሷ የለም። አንድ ቀን አይደለም የመጣችው፤ ዓመት ከዓመት ስትመላለስ ኖራለች!

አንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የምሳ ዕቃዬ ይታያል። ለተሰማ ምሳ የምቋጥርበት አበባ ያለበት ጨርቅ ተፈቶ ሥሩ ተነጥፏል። ይሄን ሳይ ጮህኩ መሰለኝ፤ ጫልቱ እጄን ያዘችኝ። ምሳውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። እኔ ስወጣ ነው የገባችው?

ተሰማ ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ሲበላ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶውን ፊቱን አዞርኩት።

ጫልቱ ያንን ፎልደር ማሻገር ጀመረች። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

መብራት መጣ። ዲስኩ ግን አይጮህም፣ አይከፈትም።

"አበቃለት፣ እትዬ" አለች ጫልቱ። የሰፈሩ ሰው ጉርድ ከሞላ ጎደል ተሻግሯል። ከዘነበች ግን የተረፉት ጥቂት ናቸው። የተገጣጠመው ፎቶ ተርፏል። ባለ ምሳ ዕቃውም ተርፏል።

መቼ እንደተነሳች ይታወቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ይጽፋል፣ ግን አይመኑት። የካሜራው ቀን ተበላሽቷል። ዓመቱ ይለያያል፤ ቀኑ ግን ሁሉም ላይ ሜይ ዘጠኝ ነው። ሰው በየዓመቱ በአንድ ቀን ፎቶ ይነሳል እንዴ?"

ከሄደች በኋላ የግድግዳውን ካላንደር አወረድኩ። የግንቦት ገጽ ላይ "ሜይ" ይላል፣ በእኛው ፊደል። ከአንድ ቁጥር ሥር ደግሞ ትንሽዬ ዘጠኝ አለች። ጫልቱ ጴንጤ ናት፣ በምን ታውቀዋለች? ግንቦት አንድ እኮ ልደታ ናት። ካሜራው አልተበላሸም። እህቴ በየዓመቱ ለንግሥ ስትመጣ ነው የተነሳችው።

ዓርብ ልደታ ናት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ጫልቱ ፎቶውን አሳትማ አመጣችልኝ።

ፎቶ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን የብሎካችን መኪና ማቆሚያ ነው። ዘበኛውን ጋሽ ደበሌን እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቅኋቸው። ቀልባቸው ሬዲዮናቸው ላይ ነው።

"አምና በልደታ አንዲት ሴትዮ፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ መጥቼ አላውቅም ብላ፣ ፎቶ ቤቱን ጠይቃኝ ነበር። ባለቤቱ አርፏል ስላት እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እርስዎ እዚሁ እንዳሉ ልነግራት ስል ተነስታ ሄደች።"

"ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ፎቶ ፈላጊ መስላኝ ነዋ! ስንቱ ይመጣል!"

"ስለ እኔስ ጠየቀች?"

"ኧረ አልጠየቀችም።"

ለተሰማ አለቀሰች። ስለ እኔ አልጠየቀችም። ታዲያ ነገ ለማን ብላ ትመጣለች?

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ይህን የምጽፈው ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው።

አስቀድሼ ስወጣ መኪና ማቆሚያው ጋ ሄጄ ቆምኩ። ነጠላ የለበሰች ሁሉ እሷ መሰለችኝ። ሰው ሳሳ። ልሄድ ስል መጣች። አረማመዷ የእናቴ ነው። ፊት ለፊቴ ስትደርስ ቆመች። ፎቶውን ሰጠኋት።

ብዙ አየችው። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

"ይሄን መቼ ተነሳን?" አለች።

"አልተነሳንም። ተሰማ ነው የሠራው።"

"ይሄ ሰውዬ! አንድ ቃል ብትነግራት ሁለተኛ አታየኝም ብዬ አስምዬው ነበር።" ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ቃሉን ጠብቆልኛል።"

"እኔን ካልፈለግሽ ለምን ትመጪ ነበር?"

"ማን አልፈለገሽም? ምሳ አድርሰሽ ስትወጪ ከማዶ ቆሜ አይሻለሁ። ከዚያ እገባለሁ፣ ምሳውን ያካፍለኛል።" ፎቶውን ከደረቷ ከተተችው። "ጨው ታበዢያለሽ።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ ቀጥ አደረገችኝ።

"ተይ፣ ሰው ያየናል። ደሞም ገና ተቆጥቼ አልጨረስኩም።"

አሁን ሳሎን ተቀምጣለች። የተሰማን ፎቶ ፊቱን ወደ ቤት የመለሰችው እሷ ናት፤ ማን እንዳዞረው አልጠየቀችም። ጫልቱ ከሥራ ደውላ "ማታ መጥቼ ሁለታችሁን አንድ ላይ ፎቶ አነሳችኋለሁ" አለች። ለዘነበች ብነግራት፣ "እስከ ማታ እንደምቆይ ማን ነገራት?" አለችኝ።

ግን ጫማዋን አውልቃለች።

ወጡ ሊወጣ ነው። ደጋግሜ ቀመስኩት። ጨው የለውም። ልጨምር ፈራሁ።