መልስ የማይሰጠው ወንድሜ

ሴፕቴምበር 9፣ 2018
እሑድ። ልብስ አጠብኩ። ጎረቤቴ እትዬ አበባ ደጅ ላይ ያዙኝ። «እድር ግቢ እንጂ ልጄ።» ማን አለኝና ነው የሚሞትብኝ? አልኩ በሆዴ።
የዲኤንኤው ውጤት መጣ። የሥራ ባልደረባዬ ኤልዳና ናት ያስገደደችኝ። «ቴስት አድርጊ፣ ሴል ላይ ነው፣ ዋጋው ቀንሷል! ማን ያውቃል፣ ከዝን፣ የአጎት ልጅ ታገኚ ይሆናል።» ዘመድ የሚያገናኝ ዌብሳይት ላይ ጫንኩት... ግማሽ ወንድም አለሽ ይላል! እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም። አባዬ፣ የከባድ መኪና ሹፌር... የት የት ነበር የምታድረው?
ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። «እህትህ ነኝ፣ አትላንታ ነው ያለሁት» ብዬ ጻፍኩለት።

ሴፕቴምበር 16
አልመለሰም።

ኦክቶበር 2
እንደገና ጻፍኩ። «ምንም አልጠይቅህም፣ ድምፅህን ብቻ።» ሰው ለእህቱ ሄሎ ማለት ያቅተዋል? ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ኦክቶበር 11
ሥራ ቦታ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ስልክ ተደወለ። የፖሊስ መርማሪ ናት። መልእክቶቼን የምታነበው እሷ ኖራለች። ወንድሜ የተባለው ሰው በ2011 ፒችትሪ ኮርነርስ ጫካ ውስጥ ተገድሎ ነው የተገኘው። መታወቂያ የለው፣ ጠያቂ የለው። ዘመዱን ለማግኘት ዲኤንኤውን የጫኑት እነሱ ናቸው።
መርዶ እንዲህ ይነገራል? በስልክ? እሷ ምን ታድርግ... ያንን ጫካ ሥራ ስሄድ በየቀኑ አልፈዋለሁ።

ኦክቶበር 13
«የቤተሰባችሁ ላስት ኔም ማን ነው?» አለችኝ መርማሪዋ።
«የለንም። ሁለተኛው የአባት ስም ነው።»
«ታዲያ አባታችሁ አንድ ከሆነ የሱም ሁለተኛ ስም እንደ አንቺ ነው?»
«አዎ። ለገሰ።»
የአባዬን ገመና ለፖሊስ ሰጠሁ። ይቅር ይበለኝ። ልጁ ያለ ስም ከሚቀር...

ኖቬምበር 20
መርማሪዋ በአባዬ ስም ፈልጋ አገኘችው። ስምዖን ለገሰ። በዲቪ የመጣ፣ ስኮትዴል ይኖር የነበረ። አብሮት የሚኖረው ሰው «አገር ቤት ጠቅልሎ ገባ» ብሎ አስወራ፤ ሰውም አመነ፣ የፈለገው የለም። ዛሬ ያንን ሰው ያዙት። ከሞቱ አሟሟቱ... ለኤልዳና ብቻ ነገርኳት።

ዲሴምበር 1
ሲነጋጋ በሬ ተንኳኳ። እትዬ አበባ፣ ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ኤልዳና ናት የነገረቻቸው።
«አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ።»
«ብታውቂም። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው።» እጄን ያዙ። «ወንድምሽ ስምዖን አርፏል።»
ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። ድምፄን እኔ ራሴም አላወቅሁትም።
አባል ሳልሆን የእድሩ ወንበር መጣ፣ ቤቴ በሰው ሞላ። ከስኮትዴል አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ገብቶ ሊያጽናናኝ ጎንበስ ሲል ደንግጦ ቀረ።
«በስመ አብ! አፍንጫሽ... ቁርጥ ስምዖን!»
ሰው ሳያየኝ አፍንጫዬን ዳሰስኩት።